ወንዝ ሽቅብ የወጣችው ጀልባ

አንተ ግትር፣ እንደምን ሰነበትክ?

ይህን የምጽፍልህ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ርሶ እያለ ነው። እዚህ የተረሱ የጥንት ፈጠራዎችን ከአሮጌ ንድፍ እያወጡ እንደገና የሚሠሩበት ወርክሾፕ አለ። ዛሬ የሞከሩት ምን መሰለህ? ያንተን ጀልባ! ወንዙ ራሱ የጀልባዋን መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ከፊት ካለ ዛፍ ጋር የታሰረውን ገመድ ይጠቀልላል፤ እሷም ሽቅብ ትሳባለች። ተማሪ ሳለን ይህንኑ ስለህ ስታሳየኝ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ፣ «ወንዝ ሽቅብ አይገፋም» ብዬ ክፍሉን ሁሉ አሳቅሁብህ። ከዚያ ወዲህ ንድፍ ስትስል አላየሁህም።

ዛሬም የወጣሁት ጀልባዋ ስትሰጥም ለማየት ነበር። ገመዱ ላልቷል፣ ቋጠሮው አይረባም እያልኩ ስጮህ ጀልባዋን የሠራችውን አናጢ ሰለቸኋት።

«ጋሼ፣ ዳር ቆሞ መጮህ ለማንም አይከብድም። ይግቡና ይዩታ!» አለችኝ።

ውሃውን እየረገጥኩ ሄጄ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ። መንኮራኩሩ ሲጢጥ ሲጢጥ አለ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋም እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀች ሽቅብ ወጣች።

«ጋሼ፣ አፍዎን ይዝጉ፤ ውሃ ይገባብዎታል!»

ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀብኝ። የእጄን አገኘሁ። የሚገርምህ ግን አልተናደድኩም። የኛ ወንዝ ከዚህኛው ይፈጥናል፤ ጀልባዋ እዚያ ብትሆን እንዲያውም ትሮጥ ነበር።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ያን ወረቀት ጥለኸው ከሆነ እንደገና ሳለው፤ ስመጣ በቀይ እስክሪብቶ «ልክ ነው» ብዬ እፈርምበታለሁ። ቋጠሮውን ግን አደራ፣ አጥብቀው።