ወይጦ ላይ ያልተደረገው ራይት

ለአስቱዬ፣ ለራሄል እናት፤

ጌታ ዘንድ እንዳለሽ ስለማውቅ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ግን ድምፅ የለውም። የጭነት መኪናውን መንዳት ትቻለሁ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ። ጓሮ የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ለጎረቤት እየሰጠሁም ይተርፋል፤ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲነሳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ወደ መዘምራኑ ወንበር ይሄዳል፣ አንቺ ትቀመጪበት ወደነበረው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ዝርዝርሽ ነው።

ራሄል ከአርባ ምንጭ ለእረፍት መጥታ ዕቃሽን ስታስተካክል የመዝሙር ደብተርሽን አገኘች። ከኋላው በእርሳስ የቦታ ስም ደርድረሻል፦ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ፣ ኮንሶ፣ እንደገና ቱርሚ፣ ብዙ ገጽ። ከአንዱ በቀር በእያንዳንዱ ፊት ራይት አለ፤ ማታ ትምህርት ስትማሪ አስተማሪሽ ደብተርሽ ላይ ታደርግልሽ እንደነበረው፣ ጅራቱ ረጅም።

ልጅሽ ስልኳ ላይ፣ ሰው የሄደበትን ቦታ ሁሉ በካርታ የሚያሳይ አፕ አላት። እማዬ ቱሪስት እንደነበረች ምነው አልነገራችሁኝም እያለች እየሳቀች ዝርዝሩን ጻፈችና በአንዴ ወደ አፑ አስገባችው። ራይት ያለውን «የሄድኩበት»፣ ራይት የሌለውን «ልሄድበት የምፈልገው» በሚለው። ካርታው በቀይ ነጥብ ተሞላ። አንዱ ብቻ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

«አባዬ፣ ወይጦን ሳታይ ነው የሞተችው» አለችኝ።

አንቺ ከቀይ አፈር ከተማ አልፈሽ አታውቂም፤ እሱም ለእህትሽ ሠርግ አንድ ቀን ነው። ይዤሽ እሄዳለሁ እያልኩ ስንት ዓመት አለፈ። ቦታዎቹ የእኔ ጉዞዎች ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከመንገድ ስመለስ ቦርሳዬን ተቀብለሽ፣ የእጅ ውኃ እንኳ ሳትሰጪኝ መጀመሪያ ጓዳ ትገቢ ነበር። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይቺ ሴት ለመጣ ሰው ጀርባዋን ትሰጣለች እያልኩ ለሾፌሮች አምቼሻለሁ። ለካ ስወጣ የምሄድበትን ጽፈሽ ትጸልዪበት ኖሯል፤ በሰላም ስገባ ደግሞ ራይት ታደርጊበታለሽ።

ወይጦ የመጨረሻው ነው። ራይት የለውም።

ለሰው ሁሉ መኪናው ወይጦ ላይ ተበላሽቶብኝ ነው የቀረሁት ብያለሁ። መበላሸቱስ እውነት ነው። ግን ሆስፒታል ገባች ብለው ሲደውሉልኝ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ በዚያው ቀን ጂንካ መግባት እችል ነበር። ጭነቱን ለማን ጥዬ አልኩ። መለዋወጫው ነገ ይመጣል አልኩ። ሲነጋም ነገ አልኩ። ስደርስ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ይህን ለፓስተራችንም አልተናገርኩም። ጌታ ያውቀዋል፤ አሁን አንቺም እወቂው።

ራሄል ግራጫውን ላጥፋው ወይ ስትለኝ ተይው አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጸሎትሽንም፣ የወይጦውንም። አልተቆጣችኝም፣ አላጽናናችኝምም። ስልኳን አነሳችና የዝርዝሩን ስም «እማዬ የጸለየችባቸው» ብላ ለወጠችው። በማግስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባለፈው ሐሙስ በጠዋት ወይጦ ሄድኩ። መኪናዬን ያቆምኩበት ቦታ አሁን ሙዝ ይሸጥበታል። እዚያ ትንሽ ቆምኩ፤ ልጸልይ ብዬ ቃል አጣሁ። ከቀትር በኋላ የጂንካ ሚኒባስ መጣ፣ ተሳፈርኩ፤ ሳይመሽ ቤቴ ነበርኩ። ይህን ያህል ቅርብ ነው፣ አስቱ።

በሩን ከፍቼ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ጓዳ ገባሁ። እርሳስሽ ደብተሩ ውስጥ ነበረች። ራይቴ እንዳንቺ አያምርም፤ ጅራቱ ተጣሞ ቀረ። ለራሄል ደወልኩላት፤ ነጥቡን ቀይ አደረገችው።

አልረሳሽም። ከእንግዲህ ከገበያም ልመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያንም፣ መጀመሪያ ጓዳ ገብቼ መግባቴን እነግርሻለሁ።

የራሄል አባት