የአልማዝ ዳማከሴ

ሰኞ
ሴሎቹ ሁሉ ሞቱ። ልጄ ሕሊና ከላብራቶሪ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነገረችኝ። ሥራዋ ከቅጠል ዘይት ማውጣት ነው። ዘይቱን የተቆጣ የሰውነት ሴል ላይ ታደርግና ቁጣው ይበርድ እንደሆነ ታያለች። ይህኛው እናቷ አልማዝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በረንዳችን ላይ ባልዲ ውስጥ ከተከለችው ዳማከሴ የወጣ ነው።
"አባዬ፣ እስከ ዓርብ ካልሠራ ፕሮፌሰሯ ዳማከሴን ከሚሞከሩት ቅጠሎች ሊስት ታወጣዋለች" አለች።
ጥፋቱን በራሷ ላይ ነው የምታየው። እኔ ግን የሰጠኋትን ቅጠል ጠረጠርኩ።

ማክሰኞ
ለሷ ከሰጠኋት የተረፈውን ደረቅ ቅጠል ፈታሁት። ሻግቷል።
ያሻገትኩት እኔ ነኝ። ይቅናት ብዬ፣ ሳትሰማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጸበል ረጨሁበት። ከዚያ ላስቲክ ውስጥ አጥብቄ አሰርኩት። እምነት ነበር ወይስ የልጄን ዕውቀት መናቅ? ፈጣሪ ያውቃል። እዚህ በስደት በምንኖርበት ፌርፋክስ፣ ሥራዬ ላይ የሰው መኪና ሳቆም ዋልኩ፤ ልነግራት አፍሬ ቀኑ መሸ።

ረቡዕ
ጠዋት ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።
"አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ጸበሉን እኔን እርጨኝ፤ ቅጠሉን ተወው!"
ከበረንዳው ባልዲ እርጥቡን ቅጠል አብረን ለቀምን። ግንዱ ብቻ ቀረ። አልማዝ ጉልበቷ ሲያብጥ ይህን ወቅጣ ስታስርበት "ሳርሽን ተይና ክኒንሽን ዋጪ" እላት ነበር። ዛሬ ሳስበው አፈርኩ።
ሥራ ስገባ ተካ፣ አብሮኝ መኪና የሚያቆመው፣ አረንጓዴ ጣቶቼን አየና "ጋሼ ወርቁ፣ ቅጠል በጣሽ ሆኑ እንዴ?" አለኝ።
"ሆንኩ" አልኩት።

ሐሙስ
አዲሱን ዘይት ሴሎቹ ላይ አድርጋዋለች። ውጤቱ ነገ ነው። ስለ ዘይት መጸለይ ያስቃል። ጸለይኩ።

ዓርብ
ሠራ! ሠራ! ስልኩ ውስጥ ስትጮህ ጆሮዬ ሊደነቁር ነበር። ሴሎቹ አልሞቱም፣ ቁጣውም ወረደ። ፕሮፌሰሯም ዳማከሴ ይቀጥል ብላለች! እኔም መኪኖቹ መሃል እልልታዬን ለቀቅኩት።
ተካ ሮጦ መጣ። "ጋሼ፣ ሎተሪ ወጣልዎት?"
"የሚስቴ ቅጠል ፈተና አለፈ!"
ሕሊና ግን አስጠንቅቃኛለች። "ገና ሴል ላይ ነው፣ ሰው ላይ አይደለም። ስለዚህ ለሰፈር ሰው መድኃኒት ነው እያልክ እንዳታድል።" እሺ ብያለሁ። ኩራቱን ግን ማን ይከለክለኛል?

ቅዳሜ
ሕሊና አዲሱ ዘይት ያለባትን ብልቃጥ በፎቶ አሳየችኝ። "አልማዝ 2" የሚል ተለጥፎባታል። ስሟን ደጋግሜ አነበብኩት።
"አንደኛዋስ የታለች?" አልኳት።
"አንተ ያጠመቅካት ነቻ!"
ሙከራው በሚመጣው ወር ይደገማል አለች። እስከዚያ ግንዱ ቅጠል ያወጣ ይሆን? እንጃ። ዛሬ በቧንቧ ውሃ አጠጣሁት። ጸሎቱን ግን አላስቀረሁም።