ተመላላሽ ጀልባ ይሻላል ወይስ አዳሪ?

ሙክታሬ ወንድሜ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የማስታውቅህ ከባድ ዜና አለ። ቁጭ ብለህ ስማ እንዳልልህ ተኝተሃል፤ በተኛህበት ስማ። ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሏል። እትዬ ተዋበች የአባ ራያን ዶሮዎች ከግቢያቸው አባርረዋል። አባ ራያም የእትዬ ተዋበችን ሰላምታ በአንገት ብቻ መመለስ ጀምረዋል። ምክንያቱ መሬት አይደለም፣ ውርስም አይደለም። ጀልባ ነው። አዎ፣ ጀልባ! ትልቁ ውሃችን ጉማሬ የሚተኛበት ቦዬ በሆነበት ጅማ፣ ሰው በጀልባ ተጣላ።

ከሄድክ ወዲህ ቡናው ሁለተኛ ጊዜ ቀልቷል። በቡና የምቆጥረው ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ አይደለም፣ አትሳቅ። ቀን በቀን ስቆጥረው ስለሚያቁነጠንጠኝ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጣሪያው ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ሳፋ መደርደር ቀርቷል። አንተ ይቆረጥ ያልከው የአቮካዶ ዛፍ ዘንድሮ ለጉድ አፈራ፤ እልህ ይዞት ነው መሰለኝ። እኔ አሁንም ባጃጅ ላይ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ሁለቱም አልጋዎች እንዳሉ ናቸው። ሀርሜ፣ እናት አይደለች፣ ያንተን አንሶላ እያጠበች መልሳ ታነጥፈዋለች፣ ማንም ሳይተኛበት። ወላሂ ሙክታሬ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ስታንኮራፋ ትራስ እየወረወርኩብህ ስንት ጊዜ ረገምኩህ! አሁን ዝምታው ነው የሚያነቃኝ። ቀን ቀን ደግሞ አንድ ቦታ መቆም አልችልም። ተሳፋሪ ሳልይዝ በሸቤ መንገድ ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ በደዶ መውጫ። ነዳጁን የምጨርሰው በመቁነጥነጥ ነው።

ሀርሜም ሌላ አመል አምጥታለች። ያንተን የተሳቢ መንገድ ዕድሜ ልኳን ስትፈራ ኖራ፣ ትኩሳት ከአልጋህ ላይ ወሰደህ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ መግሪብ ሲቃረብ፣ በር ላይ ትቆማለች። የባጃጄን ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። ስገባ ታየኝና ለሶላት ውዱዕ ልታደርግ ትገባለች።

አሁን ወደ ጀልባው። ቡና ጭነህ ከሄድክበት ከጅቡቲ ጀርባህ እንደ ድንች ተልጦ የመጣህበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? ሸሚዝ እንኳ መልበስ አቅቶህ ነበር። ምን ሆንክ ስንልህ «ኤሊ ነው» አልክ። በር የሚያክል የባሕር ኤሊ ታክኮህ አለፈ። ከዚያማ ማን ያቁምህ! ፋራህ የሚባል ጓደኛህ በጀልባ ይዞህ ወጣ፣ መሬት እስከማይታይ ሄዳችሁ፣ መነጽር አድርገህ ዘለልክ፣ የጊቤን ድልድይ ቢያቆሙበት የሚውጥ ጥልቀት ውስጥ ወረድክ። ከታች ኮራል የሚባል ነገር አለ አልከን፤ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ነፍስ አለው። እንደ ጎመን የተጠቀለለ አለ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የወጣ አለ፤ አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ብርቱካን። ዓሦቹ የሐሙስ ገበያ ቀን ሂርማታን ይመስላሉ፣ እየተገፋፉ። አባ ራያ «ድንጋይ ነፍስ ካለው፣ አንተ ዛሬ የቃምከው የየት አገር ጫት ነው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። አንተ ግን ወደ እኔ ዞረህ፣ «ነስሮ፣ አንድ ቀን እወስድሃለሁ» አልክ። ከቀለድካቸው ቀልዶች ሁሉ እኔ ያመንኩት ይሄን ነበር።

እናም ፋራህ ደወለ። ያው ያንተ ፋራህ፣ አማርኛው እንደ ጅቡቲ መንገድ የሆነ፤ ሄድ ሄድ ይልና ጉድጓድ። አሁን ቱሪስት ወስደው በሚያስጠልቁ ጀልባዎች ላይ ይሠራል። የሙክታር ወንድም ወንድሜ ነው፣ በእንግድነት ና አለኝ። ግን ጀልባው ሁለት ዓይነት ነው፣ ምረጥ አለኝ። አንደኛው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ሁለት ቦታ ያስጠልቅሃል፣ ምሳ ያበላሃል፣ አዳርህ መሬት ላይ ነው፤ ካመመህ በነጋታው ትቀራለህ። ግን የቀኑ ግማሽ በመሄድና በመመለስ ያልቃል፣ ሩቁ ኮራል ጋ አይደርስም፤ ቅርቡ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሌላው ጀልባ ሁሉ ቀድሞህ ተኮልኩሏል። ሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ባሕር ላይ ያድራል። ኮራሉ አናት ላይ ተኝተህ ፀሐይ ሳትወጣ ትጠልቃለህ፣ ሌላው የማይደርስበት ትደርሳለህ። ግን ማዕበል ቢያስመልስህ መውረጃ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ አጠገብህ የተኛው ሰው ካንኮራፋ ሳምንት ሙሉ ያንተ ነው። ይሄን የመጨረሻውን ፋራህ እንደ ጉዳት ነበር የነገረኝ፤ እኔ እንደ ጥቅም ቆጠርኩት።

እንደ ተማሪ አንዱን ተመላላሽ፣ አንዱን አዳሪ አልኳቸው። ከዚያ ጁምዓ ቀን ከሶላት በኋላ፣ አባ ራያ ቤት ጫት ይዘን በርጫ ላይ ጉዳዩን አነሳሁት። ምነው አፌን በያዘኝ!

አባ ራያ በለቀማ ወራት ሊሙ ገነት ወርደው ቡና እንደሚጠብቁ ታውቃለህ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቡና ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ» አሉ። «ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ ለቃሚ አለ፤ ቡናው ከተሰጣበት አልጋ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ የሚያድር ጠባቂ አለ። ለቃሚውን ቡና ምን ይመስላል ብትለው፣ ቀይ ነው ይልሃል። ጠባቂው ግን ጤዛ ሲወርድበት ሽታው እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ባሕርም አላህ የፈጠረው ነው፤ ያላደረበት አያውቀውም። አዳሪ!»

እትዬ ተዋበች ያዋሱትን ወንፊት ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። «ሰው የሚያድረው መሬት ላይ ነው» አሉ። «ኖኅ እንኳ ውሃ ላይ ያደረው ተገዶ ነው!»

«ኑህ ከጅብና ከዝንጀሮ ጋር ካደረ፣ ነስሩ ከፈረንጅ ጋር ማደር ያቅተዋል?» አሉ አባ ራያ።

«ጅቡስ እንደ ነስሩ ሌሊቱን ሙሉ አይለፈልፍም። እኔ ያዘንኩት ለፈረንጆቹ ነው።»

ይኸው፣ ጦርነቱ በዚህ ተጀመረ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ እሳት ሲነድ እንጨት ሳላቀብል አልተኛም። የእትዬ ተዋበችን ነገር ለአባ ራያ፣ የአባ ራያን ለእትዬ ተዋበች ጨው ጨምሬ አመላልስ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ አዳሪ የሚል በቀኝ፣ ተመላላሽ የሚል በግራ ይቀመጥ እላለሁ። ፋራህ በሹፌር የመጥለቂያ መነጽር ላከልኝ፤ እሱን አድርጌ ሂርማታን ስዞርበት ዋልኩ። ትራፊክ አስቁሞ ምንድነው ይሄ ሲለኝ፣ የጅማ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ጌታዬ አልኩት። ፋራህ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። አየር በጀርባህ አዝለህ ከጠለቅክ ወዲያው ደጋ መውጣት ክልክል ነው፣ ደምህ ተነቅንቆ እንደተከፈተ ለስላሳ ይሆናል፣ ቆላ ቆይተህ ነው የምትወጣው አለ። ይሄን ስነግራቸው እትዬ ተዋበች ተናደዱ፤ «እንግዲያ ተመላላሽ የተባለው ምኑ ተመለሰ!»

በዚህ ሁሉ ሁካታ መሃል፣ አንድ ምሽት ሀርሜ በር ላይ እንደቆመች ጠየቀችኝ፤ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መግሪብ ላይ መሬት የሚነካው የትኛው ነው?»

ተመላላሹ አልኳት።

«እንግዲያ በእሱ ስልክ ይሠራል» አለችና ገባች።

እዚያው በር ላይ ቀረሁ። ሙክታሬ፣ ላንተ ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሉም ዓሣውም ሰበብ ነበር። እኔ የፈለግኩት ሰው በሚያንኮራፋበት ቦታ መተኛት ነው፤ ከዚያ ክፍል ሸሽቼ፣ መሬት በማይታይበት። እሷ የምትፈልገው መግሪብ ላይ ድምፄን ነው። አዳሪውን ብይዝ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ልትቆም ነው፣ የማይመጣ ባጃጅ ስታዳምጥ። ተመላላሹን ብይዝ ደግሞ እኔ የሆነ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ጣሪያ ላይ ላፈጥ ነው። ስገለባበጥ ከረምኩ። ሳልወስን ሻንጣዬን ያዝኩ፣ ሳልወስን አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ ሳልወስን ጅቡቲ ደረስኩ። ሙቀቱን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ፤ ድስት ውስጥ ገብቶ ክዳን እንደመክደን ነው።

ፋራህ አቀፈኝ፣ እንደ አንተ ጀርባዬን ደበደበ፤ ከዚያ የትኛውን መረጥክ አለኝ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ፣ ሙክታር የጠለቀበት ጋ የሚሄደው የትኛው ነው አልኩት። እሱ የመረጠውን እይዛለሁ፣ ኃላፊነቱም የእሱ ይሆናል።

ፋራህ አየኝ፣ አየኝና መሳቅ ጀመረ። ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ በሞተር አፈናጦ ከከተማ ትንሽ ወጣ ያለ ባሕር ዳርቻ ወሰደኝ። በእግራችን ገባን። ውሃው ወገቤ ጋ ሲደርስ ቆመና «እዚህ ነው» አለኝ።

የት ነው እዚህ? ጀልባውስ?

«ወንድምህ ጀልባ ላይ አልወጣም። አንድ እግሩን አደረገ፣ ጀልባው ተወዛወዘ፣ እግሩን መለሰ። ተሳቢ እንዲህ አያደርግም አለኝ። መነጽር ሰጠሁት፣ እዚህ ቆሞ ጎንበስ አለ። ና እንብላ እለዋለሁ፣ እጁን ብቻ ያወዛውዛል። ፀሐይ እስክትገባ ቀና አላለም። ጀርባው ተቃጠለ።»

አንተ ሌባ! ኤሊው ፀሐይ ነበር!

መነጽሩን አደረግኩና ጎንበስ አልኩ። ሙክታሬ፣ ነበረ። ትንሽ ነው፣ የአንድ ሰው የጎመን መደብ ቢያክል ነው፤ ግን የተጠቀለለውም፣ ቀንድ ያወጣውም፣ ሐምራዊውም ነበሩ። ዓሦቹ እግሬ ሥር ልክ እንደ ሐሙስ ይገፋፋሉ። የዋሸኸው ጥልቀቱን ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ መነጽሬ ከውስጥ ውሃ ሞላ። ፋራህ በደንብ አላጠበቅከውም አለኝ። እሺ አልኩት።

መግሪብ ሲቃረብ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት። የትኛው ጀልባ ላይ ነህ አለችኝ። የትኛውም ላይ አይደለሁም ሀርሜ፣ ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ሙክታርም ያኔ የቆመው እዚሁ ነው አልኳት። በቃ ገደልኳት ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ ያልሰማሁትን ያንን ሳቅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትስቀውን። «ጀርባውን እርጎ የቀባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? የፀሐይ ቁስል የማላውቅ መሰላችሁ?»

የዚያን ቀን ያደርኩት ፋራህ ቤት ነው፣ ጣሪያ ላይ፣ ከእሱና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ተደርድሬ። ሦስቱም ዳገት እንደሚወጣ ተሳቢ ያንኮራፋሉ። ሰማዩን እንኳ በቅጡ ሳላየው ተኛሁ። በጀልባ የሄደም የመጣም የለም።

ስመለስ ሰፈሩ ጠበቀኝ። ለአባ ራያ፣ እንደተናገሩት ባሕር ያደረበት ነው የሚያውቀው አልኳቸው። ለእትዬ ተዋበች፣ እውነትም ሰው መሬት ላይ ይደር አልኳቸው። ሁለቱም አሸነፉ፤ ዶሮዎቹ ወደ ግጦሻቸው ተመልሰዋል። የፋራህን ማንኮራፋት በስልኬ ቀድቼ መጥቻለሁ፤ ልተኛ ስል ያንተ ትራስ ላይ አስቀምጬ እከፍተዋለሁ። ሀርሜ በግድግዳው ትሰማለች። አጥፋው ብላኝ አታውቅም።

ያንተን ጥልቀት ግን ለማንም አልተናገርኩም። እኔና ሀርሜ ብቻ ነን የምናውቀው። እንዲያውም ጨምሬበታለሁ፤ በር ያክል የነበረው ኤሊ አሁን ባጃጅ ያክላል፣ በሚቀጥለው ለቀማ ተሳቢ ሳያደርሰው አይቀርም። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ በዚህ ሰፈር አንተ ጥልቁ ውስጥ የወረድክ ሰው ነህ። ልጅ ብወልድ ለልጄም እንዲሁ እነግረዋለሁ፤ ካላመነኝ ጀርባውን በፀሐይ አስልጬ አሳምነዋለሁ። አላህ ጀነትን ይወፍቅህ፣ አንተ ውሸታም።

ከባድ ዜና ብዬ ከተኛህበት ስላወክሁህ አውፍ በለኝ። ሰፈር የተጣላበት፣ እኔ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር ሲታይ፣ ከወገብ የማያልፍ ውሃ ነው።

ነስሮ