«ዘመድ መብት አይደለም» ያልሽ ዕለት

ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር
ጥር 2012 ዓ.ም.

ለምናፍቅሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? እማዬስ? ብርዱ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። ድምፄ ጠፋ ብለሽ አትቀየሚኝ፤ ስንደዋወል «ቪዲዮ ክፈቺ» ማለት ስለምትወጂ ነው ስልኩን የተውኩት። ይህን ወረቀት ጎረቤቴ ውባለም ጠቅልላ ስትገባ ታደርስልሻለች።

የማኅበራችሁን ስብሰባ ቪዲዮ መስከረም ላይ ያሳየችኝ ጓደኛዬ ዘቢባ ናት። ያቺ ክራንች የያዘችው ያንቺ እህት አይደለችም ወይ አለችኝ። አንቺው ነሽ። ቀይ ሻርፕሽን ጣል አድርገሽ፣ ከተማው ሊያወጣ ያሰበውን መመሪያ ትሞግቺያለሽ፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው አካል ጉዳተኛ ድጋፉ ይቋረጥ የሚለውን። «ዘመድ መብት አይደለም፤ እኔ በእህቴ እጅ መኖር አልፈልግም» አልሽ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እማዬም ከፊት ተቀምጣ እልል አለች።

ቀናሁ እህቴ፣ ምን እደብቅሻለሁ። እኔ ገንዘብ ስልክላት እማዬ «ተመስገን» ብቻ ነው የምትለኝ፤ እልልታው ላንቺ ሆነ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ለአፋቸው ይመስለኝ ነበር። ደግሞ በጭብጨባው ብቻ መሰለሽ? በመንግሥት ቀናሁ። ይታይሽ፣ በቢሮና በማኅተም! አንቺን መደገፍ የኔ ነበራ። ትምህርት ቤት አዝዬ ያደረስኩሽ እኔ፣ ሰው ቤት ጎንበስ ቀና ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ፤ ዛሬ ቢሮ ይሻለኛል አልሽ። የበላችበትን ወጪት ሰባሪ ብዬ ሰደብኩሽ። ዘቢባ ሰምታኝ ሳቀች። እህትሽ ልክ ናት፣ አንቺ አንድ ቀን ብትወድቂ እሷ በምን ትኖራለች አለችኝ። አኮረፍኳት።

ኅዳር ላይ ከማዳም ቤት ወጣሁ። ሱወይዲ ያለው ያ ቤት መስኮቱ ብዙ ነው፤ ፎቁ ላይ ደግሞ ለሚወለውል ሰው መቆሚያው ጠባብ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ማዳም «ኸላስ፣ ከእንግዲህ አትሆኚኝም» አለችኝ። ዋስ ሆኖ ያስመጣኝ ከፊሌም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ አላድስም አለ። አልፈርድባቸውም አልልሽም፣ እፈርዳለሁ። እዚህ ለእንደኔ ዓይነቷ መድረክ ላይ የሚወጣላት የለም። አሁን ያቺው ያኮረፍኳት ዘቢባ ክፍሏን አካፍላኝ ተቀምጫለሁ። ከደረጃው በታች ያለውን ሁሉ እሷ ናት የምታመጣልኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስትሟገቱ ከዓረብ አገር የሚመለሱትንም ጨምሩበት። በእግሩ የሄደ ሁሉ በእግሩ አይመለስም። በእህቴ እጅ መኖር አልፈልግም ስላልሽ ሰድቤሽ ነበር፤ አሁን እኔም እንዳንቺው ነው የምለው። ለእማዬ ግን ገና አትንገሪያት።

ቪዲዮውን አሁንም ደጋግሜ አየዋለሁ። የምቀናው ግን በእልልታው አይደለም። ወደ መድረኩ ስትወጪ ክራንቹን አስቀድመሽ፣ ትከሻሽን ሳታዘነብዪ፣ ማንንም ሳትይዢ ትወጫለሽ። በእሱ ነው የምቀናው።

እመብርሃን አንደበትሽን አትዝጋብሽ፤ በወጣሽበት መድረክ ሁሉ ታጽናሽ። ልጅ ሆነሽ ክራንቹ ብብቴን ላጠኝ እያልሽ ስታለቅሺ «ይለመዳል» እልሽ ነበር። እውነት ይለመዳል ወይ?

ያዘለችሽ እህትሽ