በአንተ በኩል ያለው ላስቲክ

አባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ መጀመር ግራ ይገባል፤ ሳልጠይቅህ ማለፍ ደግሞ አልሆነልኝም። እንደምን አለህ? ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እማዬ የሙት ዓመትህን ዝግጅት ከአሁኑ ጀምራለች። ግርግር እንደማትወድ ባስታውሳት፣ «እሱን አሁን ማን ጠየቀው» ብላ አፌን አዘጋችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ቤታችን ያው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። መንገዱ ሲሰፋ ግን አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ፤ አሮጌዋ ዲኤክስ መኪናህም በጎረቤት ተገፍታ፣ እማዬ ጎመን ትተክልበት የነበረው ቦታ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም አልነዳትም። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ማታ በሮቿን ሁሉ አጥብቄ ዘግቼ፣ ጠዋት ስነሳ በአንተ በኩል ያለው የጋቢናው በር ከሸራው ሥር ገርበብ ብሎ አገኘዋለሁ። እማዬ መዝጊያው አልቆ ነው ትላለች። ግን ስትዘጋው አይቻታለሁ፤ ቀስ አድርጋ ነው፣ የሰው ጣት እንዳይይዝባት እንደምትፈራ።

በአንተ በኩል ማለቴ ሳያስቅህ አይቀርም። ዕድሜህን ሙሉ ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ወሎ አውቶቡስ ያመላለስክ ሰው፣ ጋቢና መቀመጥ የጀመርከው እኔን መንዳት ስታስተምረኝ ነው። ተሳፋሪነት ፈጽሞ አልሆነልህም። እኔ መሪውን ይዤ፣ አንተ በሌለ ፍሬን ላይ ቀኝ እግርህን ትረግጥ ነበር። መታጠፊያ ሲመጣ ትረግጣለህ፣ አህያ ስታይ ትረግጣለህ። «ፍሬኑ እኮ እኔ ጋ ነው» ስልህ፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ እግሬን ንገሪው» ትለኛለህ። የጎማው ምንጣፍ እስኪበሳ ረገጥከው። እየቆየሁ ስመጣ ታዲያ እኔም ሳላውቀው የእግርህን ድምፅ እየሰማሁ ፍሬን መያዝ ለመድኩ።

የመጨረሻውንም ቀን የነገረኝ እግርህ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ጠበል ስንመለስ ጉም ነበር፤ እማዬ ከኋላ ጋደም ብላለች። ደክሞህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እንኳ በየመታጠፊያው መርገጥህን አልተውክም። ከአንድ ሥር የበቀሉ ሦስት ባህር ዛፎች ያሉበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ግን ዝም አልክ። ጠበቅሁ። እሱን አለፍን፣ ቀጣዩንም አለፍን፣ ዝም። ዞሬ ሳላይህ አወቅሁ አባዬ። ከዚያ መንገዳችን ወደ ሆስፒታል ሆነ፤ ቤትህ በእግርህ አልገባህም። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ በእንጦጦ መንገድ ላይ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ እቁብ ወጣልኝ። እማዬ ጣሪያችን ይታደስ ነበር የምትለው፤ የእኔ ልብ ግን መገናኛ አካባቢ በመኪና መሸጫ መስታወት ውስጥ ቆማ ያየኋት አዲስ መኪና ላይ ቀረ። ሀችባክ ይሏታል፤ ዝቅ ያለች፣ ኋላዋ ድንገት የተቆረጠ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቆማም የቸኮለች የምትመስል። የኤሌክትሪክ ናት፤ አንተን ያማርርህ የነበረው የነዳጅ ሰልፍ ቀረ ማለት ነው። ከመንገድ ማዶ ቆሜ ሳያት ወደ ኮተቤ የምሄድበት ታክሲ አመለጠኝ። ወንድምህ፣ አጎቴ፣ ያገለገለች የቤተሰብ መኪና ይሻልሻል አለኝ፤ «የመንጃ ፈቃድሽ ቀለም ሳይደርቅ ሮኬት ልትገዢ ነው?» እያለ ሳቀብኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም። «ፈጣን መኪና ገዝተሽ እኔን ብቻዬን ልታስቀሪኝ ነው?» አለችና ፊቷን አዞረች።

ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ታውቃለህ። ሆኖም ፈርቼ ነበር፣ ከእሷ ይልቅ እኔ። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ በዚያች መኪና ያንን መታጠፊያ ቁልቁል ማለፍ ከቻልኩ እገዛታለሁ፣ ካልቻልኩ የመኪና ነገር ዳግም አላነሳም።

ሻጩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሙከራ ይዞኝ ወጣ። አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። ስልክ ስለበዛበት ከኋላ ተቀመጠ፤ ጋቢናው ባዶ ነበር። ወንበሮቹም ወለሉም ገና ከፋብሪካ የመጡበትን ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው። የእንጦጦን ዳገት «ስፖርት የሚለው ላይ አድርጊያትና እዪያት!» እያለኝ ወጣን። አልዋሽህም አባዬ፣ ትበራለች፤ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ማርያም ደጃፍ ተሳልሜ፣ መኪናዋን አዙሬ ቁልቁል ጀመርኩ። ያኔ ነው ድምፅ እንደሌላት ልብ ያልኩት። የሚያጓራ ሞተር የለ፣ የሚቀየር ማርሽ የለ፤ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ጉሙ እንደዚያ ቀን ከዛፎቹ መሀል ይወጣል።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ፣ ፍሬን ልይዝ ስል፣ ከጋቢናው ወለል ላስቲኩ ኮሽ አለ። ሁለተኛውም ላይ ኮሽ አለ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ዝም፣ መታጠፊያ ሲመጣ ኮሽ፤ ሁልጊዜም ከእኔ እግር ትንሽ ቀደም ብሎ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲቆይ ይተዋል» አለ ሻጩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሦስቱ ባህር ዛፎች ታዩኝ። እዚያ ላይ አንተ ዳግመኛ ዝም ብትል መንዳት እንደማልችል፣ መኪናዋን እዚያው አቁሜ እንደምወርድ አውቄዋለሁ። ገና ሳንቃረብ፣ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ቀድሞ፣ ላስቲኩ በኃይል ተረገጠ። ሳላስብ ፍሬኑን ያዝኩ። ቀስ ብለን ስንታጠፍ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ሞልተው ይሻገራሉ። አንዲት አሮጊት ከመኪናው ፊት ቆም ብላ አየች፤ እኔን አይደለም፣ አጠገቤ ያለውን ወንበር ነው። ከዚያ ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሳ ዝቅ ብላ አለፈች። ሸክሙ አጉብጧት ይሁን ሰላምታ ይሁን አላውቅም።

ሻጩ ስልኩን ዘጋ፤ እስክንመለስ ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልጨመረም። ስንደርስ የጋቢናውን በር ከፍቶ ወለሉን አየ። ላስቲኩ ተረከዝ የሚያህል ቦታ ላይ ተቀዷል። «እቀይርልሻለሁ» አለ ዓይኑን እያሸሸ። እንዳይነካው ነገርኩት።

ገዛኋት። ከሌላው ወንበር ሁሉ ላስቲኩን አንስቻለሁ፣ ከአንተ በኩል ግን አላነሳሁም። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። የፈራሁት አንተን አይደለም አባዬ። እየጠበቅከኝ ነው ወይስ ያ ቁልቁለት አልለቅህ ብሎ ነው እያልኩ ነው የፈራሁት። ጉዞህን ሳትጨርስ፣ እዚያ መታጠፊያ ላይ፣ በብርዱ ቆመህ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ትናንት እማዬ ስለ ሙት ዓመትህ ከካህናቱ ጋር ለመነጋገር ማርያም መሄድ ነበረባት። በአዲሷ መኪና አልገባም ስትል ሰንብታ፣ በመጨረሻ ኩርፊያዋን ሳትፈታ መጣች። ሁሌ ከኋላ የምትቀመጥ ሰው፣ ጋቢና ገባች። ስለ ላስቲኩ ምንም አልነገርኳትም። ከማርያም ቁልቁል ስንወርድ ኮሽ ማለት ሲጀምር ዝቅ ብላ እግሯ ሥር አየች። ጩኸቷን ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሁለት እግሮቿን ወደ በሩ አስጠግታ፣ ቦታ ለቀቀች። በየመታጠፊያው ኮሽ ይላል፤ እሷ ፊት ፊቷን እያየች እንባዋ ይወርዳል፤ እኔ እነዳለሁ። ሦስቱን ዛፎች አለፍን። ከተማው ውስጥ ገባን።

ግቢ ደርሰን መኪናዋን ሳጠፋ እማዬ ወረደች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። እጀታውን እንደያዘች ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቆመች፤ አንተ ታመህ ሳለ ከመኪና ስትወርድ ትጠብቅህ እንደነበረው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «እንኳን ደህና ገባህ» ስትል ሰማኋት።

ዛሬ ጠዋት የዲኤክሷ በር እንደተዘጋ አገኘሁት። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እንጦጦ ወጥቼ ስወርድ፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ላስቲኩ ኮሽ አላለም። ልቤ ተሰበረ፣ አልደብቅህም፤ እንዲያ ፈርቼህ እንኳ ናፈቅከኝ። ያቺን የተቀደደች ላስቲክ መኪናዋ እስክታረጅ አላነሳትም። አንተ ቤትህ ገብተሃልና እረፍ አባዬ። ከእንግዲህ በየመታጠፊያው አንተን አስታውሼ፣ ቀድሜ የምረግጠው እኔ ነኝ።

ልጅህ