ማስመሪያው የታለ?

ጥቅምት 8
የጓሮውን ጎመን አጠጣሁ። የወንበሩን እግር በሙጫ አጣበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ዘይዳ ከሞጣ ደወለች። ሞጣ ሳለሁ አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት፤ አሁን ጨርቅ ትነግዳለች፣ በቴሌግራምም አሮጌ ዕቃ በሐራጅ የሚሸጥበት ግሩፕ አላት።
«እትዬ ይርጋነሽ፣ የላክሁልዎትን ፎቶ ይዩልኝ። የጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ታይፕ አይደለም?»
አየሁ። ነው። የባለቤቴ የጽሕፈት መኪና፤ የአንዱ ፊደል መምቻ ወልቆ የሸሚዝ ቁልፍ የለጠፍኩበት እኔ ነኝ። ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ይኸው በፎቶው ላይ።
ሻጩ የሞጣው ባለ ሱቅ ስጦታው ነው። ከሥሩ ምን ጻፈ? «የአንድ ራስ ጸሐፊ ይጽፍበት የነበረ ብርቅ ዕቃ።» ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት እዚሁ ቢቸና ፍርድ ቤት በር ላይ የድሀ ማመልከቻ ሲጽፍበት ኖረ። የትኛው ራስ?

ጥቅምት 9
ደግሜ አሰብኩት። ፍቅሬ በሞተ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው ስጦታው ለቅሶ ሊደርስ የመጣው። እሱም ተማሪዬ ነበር፣ ከዘይዳ ጋር አንድ ዴስክ ላይ። አለቀሰ። ዓይኑን ጠረገና ታይፑን አየ። ቦታ ብቻ የያዘ ብረት ነው፣ በብረት ዋጋ ላንሳልዎት አለ። አራት መቶ ብር።
ጥቁር ለብሼ፣ ለቅሶኛ መሀል ተቀምጬ... ዋጋ ልከራከር? ነውር ነው። በአገራችን ማንም አያደርገውም። ይህን ያውቃል። ቀኑን የመረጠው ስለሚያውቅ ነው። ብሩን ተቀበልኩ፤ ተሸክሞ ወጣ።
ደውዬ ልለምነው? አልለምንም።

ጥቅምት 13
ሐራጁ በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ታይፑ ስጦታው ከቆረጠው ዋጋ ስላልደረሰ አልተሸጠም። ሱቁ ውስጥ ነው። ጥሩ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።

ጥቅምት 24
አሥር ቀን ሙሉ የስጦታውን ሽያጭ ከስር ከስሩ አነበብኩ። ስድሳ አንድ ዕቃ። በደብተር መዘገብኩት። የአንዱንም ጉድለት አልጻፈም። ሃያ ሦስት ገዢ አማሯል፦ ተሰንጥቆ መጣ፣ አይሠራም፣ በፎቶ ትልቅ ይመስል ነበር...
እዚህ ጋ ነው የምመታው።

ኅዳር 4
ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ዕቃዬን አወጣሁ። አሮጌ ፋኖስ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብርሃኑ ደጃፌ ላይ ሲያርፍ አነሣሁት፤ አጠገቡ የክፍሌን የእንጨት ማስመሪያ አጋደምኩ። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ነውሩ፦ መስታወቱ ከአፉ በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ተሰንጥቋል። እጀታው ዝጓል። ክሩ አዲስ ነው።»
ዘይዳ ሳቀች። ነውሩን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ አይታ አታውቅም፤ ሰው ይሸሽዎታል አለች።
አልሸሸም። አሥራ አንድ ሰው ተጫረተ። የመጨረሻው ከባሕር ዳር ነው። ፋኖሱን በካርቶንና በጭድ አሽጌ በአውቶቡስ ላክሁት። ሲደርሰው «ስንጥቁ ልክ እንዳሉት ነው» ብሎ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፈልኝ። ስለ ስንጥቅ የሚመሰገን ሰው አለ?

ኅዳር 27
ሰዎች ዕቃ ያመጡልኝ ጀመር። ጎረቤቴ አስናቀች የአባቷን የዕጣን ሙዳይ። አንድ ሰውዬ ከግንደወይን የግድግዳ ሰዓት ይዞ መጣ። «ጥሩ ነው በይልኝ» አለ። ሦስት ቀን አስቀመጥኩት፤ በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። እንደዚያው ጻፍኩ። አኮረፈ። ከጠበቀው በላይ ሲሸጥ ኩርፊያው ለቀቀው።

ታኅሣሥ 16
ዛሬ ስጦታው አንድ የሸክላ ማጫወቻ አወጣ። «እንደ አዲስ» ይላል። ከሥሩ አንዱ፦ «ማስመሪያው የታለ?» ሌላው፦ «ነውሩንስ?» ሌላው ደግሞ፦ «እንደ መምህሯ ለክተህ አምጣ፣ ወንድሜ።» ሰባት ሰው ነው እንዲህ ያለው። ማንም አልተጫረተም።
ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ... ግን ገና ነው።

ጥር 22
ስጦታው በዚህ ወር አራት ዕቃ አወጣ። አንድም አልሸጠም።

የካቲት 16
መጣ። ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዞ። ከስቷል።
ወሬ አበዛ፤ ስለ ጾሙ፣ ስለ መንገዱ። ጠበቅሁት። በመጨረሻ ዕቃውን በእኔ ስም እንዳወጣለት ለመነኝ። የሚያምኑት የእርስዎን ቃል ነው አለ።
እሺ አልኩት፣ በሁለት ነገር። ጽሑፉን እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። የመጀመሪያው ዕቃ ታይፑ ይሆናል፤ መነሻ ዋጋም አይቆረጥለትም።
ዓይኑ ውስጥ ሒሳብ ሲሠራ አየሁት። «ነውር ሲጻፍ ዋጋ ይጨምራል፣ አይደል መምህር?»
«እስካሁን ጨምሯል» አልኩት። አልዋሸሁም።
«ስልክህን አውጣ። ቃለ ጽሕፈት ነው።»
ያኔ ተማሪዬ ሳለ ከዘይዳ ደብተር ነበር የሚገለብጠው። ዛሬ አጠገቡ ማንም የለም። ቀስ ብዬ፣ እንደ ክፍል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እየደገምኩ ተናገርኩ፦ «ይህ ታይፕ የራስ ጸሐፊ የጻፈበት አይደለም። የማመልከቻ ጸሐፊው የፍቅረ ሥላሴ ነበር። እርሱ በሞተ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ መከራከር በማትችልበት ሰዓት፣ እኔ ስጦታው በአራት መቶ ብር የወሰድኩት ነው። ነውሩ ይኸው ነው።»
መሀል ላይ ቆመ። «መምህር... ይሄ ከወጣ ከእኔ ማን ይገዛል?»
«አሁንስ ማን እየገዛህ ነው?»
ጻፈ። ሁለት ቦታ አረምኩት፤ ከዚያ ግሩፑ ላይ ለቀቀው።

የካቲት 19
ሐሙስ። ጠዋት ላይ ቀድሜ ገባሁ። «አራት መቶ ብር» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩ።
ግሩፑ ውስጥ ከአምስት መቶ ሰው በላይ አለ። ሁሉም አነበበው። ማንም ምንም አላለም። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ዝም። ዘጠኝ፤ ዝም። ሐዘን ቤት ገብቶ በባለ ሐዘኗ ላይ ዋጋ የሚጨምር ማን ነው?
አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ አንድ የማላውቀው ሰው «አሥር ሺህ» አለ። ወዲያው ከሥሩ አንዱ «ወንድም፣ ከላይ ያለውን አንብብ» አለው። ትንሽ ቆይቶ፦ «ይቅርታ እናቴ፤ ሳላነብ ነው። ወጥቻለሁ።»
በአሥራ ሁለት ሰዓት ዘይዳ ጻፈች፦ «አራት መቶ ብር። ተዘጋ።»
ስጦታው አምስት ጊዜ ደወለ። አላነሣሁም።

የካቲት 21
ታይፑ ገባ። የሸሚዝ ቁልፏ በቦታዋ አለች። ጠረጴዛው ላይ አራቱ እግሮቹ የተዉት ምልክት እስካሁን አልጠፋም ነበር። በልኩ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 14
ባለፈው ሳምንት የፍቅሬን ሙት ዓመት አወጣሁ። ዛሬ ጥቁሩን አውልቄ አጠብኩና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።
ስጦታው እስካሁን ዕቃውን የሚሸጠው በእኔ በኩል ነው። ሌላ በር የለውም። በየሳምንቱ ከሞጣ ተሸክሞ ይመጣል፣ እለካለሁ፣ ነውሩን እናገራለሁ፣ ይጽፋል። ባለፈው የራሱን ማስመሪያ ገዝቶ መጣ። ከእኔው ጋር አስተያየሁት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያጎድላል። መለስኩት።
ይቅር ያልኩት ይመስለዋል። ለድካሜ የሰጠኝን ሁሉ ሳልቆጥር ስለምቀበለው ነው። ምን ላድርግ? ጥቁር ለብሼ ነበር።
ነገ ስለ ድርሻዬ ሊነጋገር ይመጣል። ነጩን ቀሚሴን ተኩሼዋለሁ። ነገ እከራከራለሁ።