ያኔ ደጅ የወጣህበት ነገር

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ካረፍክ ወዲህ ሦስተኛው ክረምት ገባ። ዝናቡ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ይጀምራል፣ ከሰዓት ደከመኝ ይላል፣ ማታ ደግሞ አዲስ ሆኖ ይመጣል። በአማርኛ ስጽፍልህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። እኔና አንተ የምናወራው በካፊኖኖ ነበር፤ አማርኛን የቢሮ ቋንቋ ትለው ነበር። ምን ላድርግ፣ እጄ መጻፍ የተማረው በእሱ ነው። አንተ ፊደል ስላልቆጠርክ ድሮም ደብዳቤ የሚያነብልህ ሰው ነበር፤ አሁንም እዚያ አንድ የሚያነብልህ አታጣም።

የምጽፍልህ በሕልሜ እየመጣህ ስላስቸገርከኝ ነው። ጉሙ ቤቱን ውጦታል፤ ንቦቹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። አንተ ያንን አረንጓዴ ካፖርትህን ለብሰህ፣ ከጣራው ጠርዝ ወጣ ብለህ ዝናቡ ላይ ትቆማለህ። ጀርባህን ሰጥተኸኛል። ግባ እልሃለሁ፤ አትሰማኝም። ደግሜ እጠራሃለሁ፤ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችህን የምትፈልግ ይመስል ወደ ጫካው ታያለህ። ስነቃ እኔም የረጠብኩ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቀፎዎቹን አሁን የሚሰቅላቸው ወንድሜ ነው። እንዳንተ ዛፍ መውጣት ስለማይሆንለት ግማሾቹን መሬት አወረዳቸው፤ ንቦቹም ያኮረፉ ይመስል ማር ቀንሰዋል። የጓሮው እንሰት አጥሩን አልፏል። ከመንደራችን ከማንኪራ ቦንጋ ከተማ በእግር የሚሄድ ወጣት ጠፍቷል፣ ሁሉም በሞተር ነው። ጋሽ ወልዴ ቦንጋ ያለውን ስልክ ቤታቸውን ዘግተው ፎቶ ኮፒ ማንሻ አድርገውታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ደጃፉ ይሄዳል። አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ አሁን ባጃጅ ይቆማል።

ያን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ ቤይሩት ሰው ቤት ነበርኩ። በገበያ ቀን ከማንኪራ በእግርህ መጥተህ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ትጠብቀኛለህ፣ እኔ እደውላለሁ። ስለ ቡናው፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤቱ ታወራኛለህ። አንድ ቀን ደህና ነኝ ስልህ የላሟን ወሬ አቋረጥክ። «ድምፅሽ ግን ደህና አይደለም» አልከኝ። ሌላ አልጠየቅከኝም። ሴት ልጅ የሴትነት ሕመሟን ለአባቷ አታወራም፣ አባትም አይጠይቅም፤ እማዬ ደግሞ ከሞተች ቆይታ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ስደውል ስልኩን ያነሳችው የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አልማዝ ነበረች። ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ፣ ይዘሃት መጥተህ ኖሯል። «አባትሽ ደጅ ወጥተዋል፤ እንደልብሽ አውሪ» አለችኝ። ዝናብ ነው ወይ አልኳት። ዝናብ ነው አለችኝ። ጋሽ ወልዴ ወንበር ይዘው ና ግባ ቢሉህ እምቢ ብለህ፣ ድምፅ ከማይደርስበት ሄደህ፣ ጀርባህን ሰጥተህ እንደቆምክ ነገረችኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

ምን እንደነገርኳት በሕይወት ሳለህ አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነገርኩህም። ዛሬ ልንገርህ፤ እዚያ እፍረት ያለ አይመስለኝም። ከወር አበባዬ ውጭ ደም ይፈሰኝ ነበር፣ አባዬ። ቆሜ ልብስ ስተኩስ እግሬን ይዞ ይወርዳል። ከወገቤ በታች ያመኛል። ለአሠሪዬ ለማዳም ብነግራት ያረገዝኩ ይመስላታል፤ አርግዛለች ከተባለ ደግሞ ሻንጣዬ ተሰብስቦ ወደ አስቀጠረኝ ኤጀንሲ ነው። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው፣ ብቻዬን ከበር አልወጣም። ጨርቄን ተደብቄ እያጠብኩ፣ ልጅ ሳልወልድ በሰው አገር ልቀር ነው እያልኩ እፈራ ነበር።

አልማዝ፣ ምን እንደሆነ በስልክ ልነግርሽ አልችልም፣ ሐኪም ግን ሳያይሽ እንዳትቆዪ አለችኝ። ለአንተም የነገረችህ ይህችኑ ብቻ ነው። ገብተህ ስልኩን ተቀበልክና ሴትዮዋን አቅርቢልኝ አልክ።

ያን ሳስታውስ አሁንም እስቃለሁ። እሷ ካፊኖኖ አትሰማ፣ አንተ አረብኛ አትሰማ። ስልክ ላይ መጮህ ልማድህ ስለሆነ ድምፅህ እኔም ጋ ይደርሳል። እንደ ደንቡ ከሰላምታ ጀመርክ፤ ልጆችሽ እንዴት ናቸው፣ ከብቶችሽ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው ወይ፣ ንቡስ ቀፎ ገባልሽ? ማዳም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር አልክ፤ «ልጄ አንቺ ዘንድ ናት፤ ሐኪም አሳዪልኝ።» ምን አለ ስትለኝ ከብቶቹን ትቼ የመጨረሻዋን ብቻ ተረጎምኩላት። ስልኩን አስቀመጠችው። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ሴት ነበረች። የምትጠይቀው ግን ማዳምን ነው፤ አግብታለች? ወልዳለች? ወንድ ታውቃለች? እኔ እንደ ገበያ በግ መሀል ቆሜያለሁ። ማዳም ወንበሯን አስጠግታ ተቀምጣለች። ያኔ አንተ ታየኸኝ፤ ዝናቡ ላይ፣ ጀርባህን ሰጥተህ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ፣ «አባቴ እንኳ ለዚህ ወሬ ደጅ ወጥቷል፤ ማዳምም ትውጣልኝ» አልኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ማዳምን አየቻት። ማዳም ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

በራሴ አፍ ተናገርኩ። የማህፀኔ በር ላይ ትንሽ ሥጋ በቅሎ ኖሯል። አወጣችልኝ፤ ክፉ ነገር እንዳይሆን ተመረመረ፣ አልሆነም። ለሕመሙም መድኃኒት ሰጠችኝ። መውለድ እችላለሁ ወይ አልኳት። የሚከለክልሽ ነገር የለም አለችኝ። ይህችን ነበር ላንተ ልነግርህ የፈለግኩት፤ ግን በምን አፌ? በሚቀጥለው ገበያ ተሽሎኛል ብቻ አልኩህ። አንተም ተመስገን ብለህ ስለ ላሟ ቀጠልክ።

አገሬ ገብቼ፣ አግብቼ፣ ልጄ ስትወለድ አቅፈሃት ቆየህ። ዓይንህ ግን ከእኔ ላይ አልተነሳም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሳትጠይቀኝ ስትጨነቅ ኖረሃል።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች። እንዳንተ ዛፍ ትወጣለች፣ ብቆጣትም አትሰማ። አንድ ቀን ለእኔ የማትነግረኝ ነገር ይገጥማታል። ያን ቀን ካልነገርሽኝ ብዬ አላስጨንቃትም። የሚሰማት ሰው ፈልጌ አመጣላትና እኔ ደጅ እወጣለሁ፤ ዝናብም ይሁን። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፣ ቃሌ ነው።

እንግዲህ ዛሬም በሕልሜ ከመጣህ እዚያ አትቁም። ወሬው ይኸው ነበር፣ ሰማኸው። ጨርሻለሁ አባዬ፤ አሁን ግባ።